ወደ ኋላ የማያውቀው ፒካፕ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ የአባቴ ፒካፕ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ወዳለው የለቅሶ ሜዳ ገባ። የገባው ኋላውን አስቀድሞ ነው። የአባቴ ሠልስት ነበር።

ሰሞኑን ይህን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ለሥራ የምንወጣበት መኪና ተበላሽቶ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሠራተኛው የኋላውን አክስል ከፍቶ የቆየውን ዘይት ወደ ቆርቆሮ ለቀቀው። የማርሽ ዘይት ሽታ ከሌላ ዘይት ይለያል። የተቃጠለ ጎማና የተበላሸ እንቁላል የተቀላቀለበት ነው፣ ልብስ ላይ ከሰፈረ በቀላሉ አይለቅም። የአባቴ ካፖርት ክረምት ከበጋ እንዲህ ይሸት ነበር። ባልደረባዬ «ሽታው ከበደሽ መሰለኝ፤ ፈቀቅ በይ እንጂ» አለኝ። ፈቀቅ አላልኩም።

አባቴ ሹፌር ከመሆኑ በፊት ፈረሰኛ ነበር። በአገው ምድር ይህ ብርቅ አይደለም። ፈረስ ለማረሻ ይሆናል፣ ለገበያ ይሆናል፣ ለሠርግ ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ግን ለስም ይሆናል። ሰው በፈረሱ ስም ነው የሚጠራው። አባቴም ዳማ ፈረስ ነበረው፤ በእርሱ ስም ይጠራና ይፎክር ነበር። አንድ ዓመት ግን ፈረሱንና ጥማድ በሬዎቹን ሸጦ ያገለገለ የናፍታ ፒካፕ ገዛ። ከፈረሱ ያስቀረው ልጓሙን ብቻ ነው። ልጓሙ ኮሶበር በነበረው ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ። እንጅባራን ያኔ የምንጠራት ኮሶበር ብለን ነበር።

ፈረሱ በተሸጠ ሳምንት ከተማው ስሙን ለወጠው። አባ ናፍታ አሉት። ሊያሾፉበት ነው ያወጡት፤ እሱ ግን ወደደው። ገበያ መሀል አንዱ «አባ ናፍታ!» ብሎ ሲጣራ ጥሩምባውን እየነፋ ይመልስ ነበር።

ያልወደደው ታላቅ ወንድሙ ነው። እኔም እንደ አባቴ አያ እያልኩ የምጠራው አጎቴ፣ ዘንገና አጠገብ የሚኖር፣ ከፈረስ ጀርባ ሲወርድ መሬቱን በጥርጣሬ የሚያይ ሰው ነበር። «ናፍታ የሚጠጣ ፈረስ ላይ አልወጣም» ብሎ ማለ። መንገድ ላይ ስናልፈው አባቴ መኪናውን አዝግሞ ከጎኑ ይሄድና አንገቱን በመስኮት ያወጣል።

«አያ፣ ይውጡ እንጂ! ይሄ አይራገጥም፣ ገብስ አይፈጅም!»

«አንተ ሂድ! ሲደክመው ሣር አታገኝለትም።»

«አይደክመውም!»

«እናየዋለን። እኔ እዚሁ መንገድ ላይ ነኝ።»

በየሳምንቱ ይኸው ነበር። አጎቴ አንድ ቀንም አልወጣ፣ አባቴም አንድ ቀን ሳይጠይቀው አላለፈ።

ስለ መኪናው አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። የኋላ ማርሽ አልነበረውም። ካምቢዮው ውስጥ የሆነ ነገር ተሰብሮ ነበር፣ የሚተካው ስላልተገኘ እንደዚያው ቀረ። ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገ ሰው ወርዶ መግፋት ነበረበት። አባቴ ግን ግፉልኝ ማለት ሞቱ ነው። ሲያቆም መውጫውን አይቶ ያቆማል፤ መዞሪያ ካጣ የዳንግላን ገበያ በሙሉ ዞሮ ይመለሳል። እኔን ዳንግላ ትምህርት ቤት አድርሶ ሲሄድ የግቢውን ሜዳ አንድ ጊዜ ይዞር ነበር። ተማሪው በመስኮት ያጨበጭባል፤ እኔ በእፍረት አንገቴን እደፋለሁ። እሱ ግን ጉድለቱን ፉከራ አደረገው። «ፈረሴም ወደ ኋላ አያውቅም ነበር፤ ይሄም አያውቅም!» ይል ነበር። አገሩ ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል።

ፒካፑ ድንች፣ ገብስ፣ በግና ማር ይጭን ነበር። ከእነዚህ ይልቅ የሚታወቀው ግን በሕመምተኛ ነው። ከአዘናም ሆነ ከግምጃ ቤት መንገድ ምጥ የጠናባት ሴት፣ ከዛፍ የወደቀ ሰው፣ ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ዳንግላ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በእኛ መኪና ነበር። እናቴ የዳንግላ ከተማ ልጅ ናት፤ መኪናውን አትወደውም ነበር። ደሙንና ጭቃውን ከጭነት ሳጥኑ ላይ የምታጥበው እሷ ናት። «የሰው ባል ሲመጣ ጠላ ጠላ ይሸታል፤ የእኔ ናፍታ» እያለች ታጉረመርማለች። የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ግን ነጠላዋን እያስተካከለች ትወጣለች። አንድም ቀን ቀርታ አላየሁም።

የመኪናው ድካም አክስሉ ላይ ነበር። አክስል ማለት ግራና ቀኙን ጎማ የሚያያይዘው ወፍራም የብረት ወገብ ነው። የአሮጌው ፒካፕ ወገብ ዳገት ላይ በጭነት ሲጨነቅ ውስጡ ያለው ዘንግ ይሰበራል፤ በየክረምቱ ይሰበር ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ የዚያው ዓይነት አዲስ ፒካፕ ዳንግላ አጠገብ ገደል ገብቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። አባቴ የፊቱንም የኋላውንም አክስል አግኝቶ በጭነት መኪና አስመጣቸው። ግቢያችን ውስጥ በናፍታ ሲያጥባቸው ዋለ። ከዚያ መሮና መዶሻ ይዞ ተንበረከከና በሁለቱም ላይ ምልክት ቆረጠባቸው፤ ክብ፣ በክቡ ውስጥ መስቀል። ይህ የአባቱ ቤት ምልክት ነው። የዳማው ፈረስ ታፋ ላይም ተተኩሶ ነበር።

«ለብረት ደግሞ ምን ምልክት ያስፈልገዋል?» አለችው እናቴ።

«ያልተተኮሰ ከብት የማንም ነው» አላት።

በጥቅምት መጨረሻ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በግንድ ላይ አስቀመጠውና አሮጌዎቹን አክስሎች አወጣ። አዲሶቹ ግን ወዲያው አልገጠሙም። የፊተኛው ብዙም አላስቸገረም፤ የኋላው ብየዳ ይፈልግ ነበር። ዳንግላ ያለው ወዳጁ፣ ከመንገድ ሥራ ካምፕ የወጣ መካኒክ፣ መበየጃ ፈልጌ እመጣለሁ ብሎት ስለነበር አባቴ እሱን ይጠብቅ ነበር። እስኪመጣ ሌላ ሌላውን እየጠገነ መኪናው ሥር ተኝቶ ይውል ነበር። ዝናቡ በዚያ ዓመት ቶሎ አላቆመም። የኮሶበር መሬት ውኃ ያዘለ ነው፤ ከሥሩ ያነጠፈው ጆንያ ሲጨመቅ ውኃ ይወጣው ነበር።

ሐሙስ ትኩሳት ያዘው። ዓርብ ደረቱን እየያዘ መተንፈስ አቃተው። እኔ ከዳንግላ የመጣሁት ዓርብ ማታ ነው። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መኪናውን ታየዋለች። ሕመምተኛ ሁሉ የሚጫንበት መኪና ጎማ የለውም፤ በግንድ ላይ ተቀምጧል። ጎረቤቶች ከአውራ ጎዳናው ላይ የጭነት መኪና እንዲያስቆሙ ተላኩ፤ እኔን ካመጣኝ መኪና በኋላ የሚያልፍ አልተገኘም። በቃሬዛ እንውሰድህ ሲሉት አባቴ እንቢ አለ። «በዳንግላ መንገድ እኔ ነኝ ሰው የማደርሰው። አክስሉ ይግባለት፣ ነድቼ እሄዳለሁ።» ከሱ አፍ የሰማሁት የመጨረሻው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሞተ። ሐኪም ስላላየው በሽታው ምን እንደነበር ማረጋገጥ አልችልም።

በዚያው ቀን በትውልድ ቀበሌው፣ ዘንገና አጠገብ፣ በትከሻ ተወስዶ ተቀበረ።

በአገራችን የሰው ክብር የሚለካው በቀብሩ ቀን አይደለም፤ በሠልስቱ ለቅሶ ነው። በዚያ ቀን የሟች ፈረስ ኮርቻው ጥቁር ለብሶ ወደ ሜዳው ይመጣል። ጠመንጃው አፈ ሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ይያዛል። ፈረሱን የቅርብ ዘመድ በልጓሙ እየሳበ ሜዳውን ያዞረዋል፤ አልቃሿ በፈረሱ ስም እየጠራች ታለቅሳለች። ፈረስ ያልዞረለት ሰው ፈረስ ያልዞረለት እየተባለ ይቀራል፤ ይህም በልጆቹ ላይ ሳይቀር ይነገራል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ከቀብር መልስ ቤታችን ገባና ጉዳዩን አነሣ።

«የእኔን ፈረስ እጭንለታለሁ። የእሱ ነው ብለን እናዞረዋለን። ማን ይጠይቃል?»

እናቴ ቀና አለች። «አይሆንም፣ አያ። የእርስዎ ፈረስ ለእርስዎ ይዙር፤ እግዜር ያቆይዎት። የእኔ ባል በተውሶ ፈረስ አይለቀስለትም።»

«ታዲያ በምን ይለቀስለት?»

«ደጅ በቆመው።»

አጎቴ በበሩ አሻግሮ አየ። «እሱ መች ቆመ? ተጋድሟል እንጂ።»

«አስነሡታ!» አለች እናቴ። ያንን መኪና ወግና ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ሰኞ ጠዋት መካኒኩ መርዶውን ሰምቶ ከዳንግላ ደረሰ። መበየጃ አልያዘም። አልቅሶ ሲያበቃ እናቴ መኪናው ለነገ ለቅሶ መድረስ እንዳለበት ነገረችው። አንገቱን አከከ። «እትዬ፣ ይሄ የሳምንት ሥራ ነው።» «ለነገ ነው» አለችው። ካፖርቱን አወለቀ።

ለለቅሶ የመጡት ዘመዶቻችን ፈረሶቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው ረዱት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው በረጃጅም እንጨት ብረቱን ያነሣሉ። መካኒኩ ከሥር ሆኖ «ግራ! ቀኝ! ኧረ ግራ አልኩ!» ይላል፤ እነሱ በአገውኛ እርስ በርስ ይጯጯሃሉ። እኔ ብሎኖቹን በናፍታ እያጠብኩ አቀብላለሁ። አጎቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል፤ እጁን አላስገባም።

«ለአንድ ፈረስ ስንት ሰው!» አለ።

«ኮርቻውን እየጫንን ነው፣ አያ» አለው መካኒኩ ከሥር።

«በሆዱ ነው የሚጫነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው ወደ ብረቱ ተመለሱ።

አሁን ስሕተቱን ልንገራችሁ። አክስል ከባሌስትራ ጋር ይታሰራል፤ ባሌስትራ የተደራረቡት ቅስት ብረቶች ናቸው። በአሮጌው ፒካፕ አክስሉ ከባሌስትራው በላይ ያርፋል፤ በአዲሱ ከባሌስትራው በታች ይታሰራል። ስለዚህ የአዲሱ አክስል ማሰሪያ መቀመጫ ከላይ ነው፣ አሮጌው መኪና ደግሞ ከታች ይፈልገዋል። መቀመጫውን ቆርጦ ወደ ሌላው ወገን ለመበየድ ጊዜም መበየጃም አልነበረም። መካኒኩ አክስሉን ገለበጠው። መቀመጫው ወደ ታች ዞረ፤ ከባሌስትራው ጋር ልክክ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎማዎቹ ታስረው መኪናው ከግንዱ ወረደ።

ሞተሩን አስነሣው። መጀመሪያ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ያንን የምናውቀውን ድምፅ ያዘ፤ ጢሱ በአጥሩ ላይ ተዘረጋ። እናቴ ከቤት ወጣች። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ሁልጊዜ እንደምትወጣው በፍጥነት ወጣች። ጋቢናው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ስታይ ቆመች። እጇ ነጠላው ጫፍ ላይ እንደቀረ ነበር።

መካኒኩ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። መኪናው ወደ ኋላ ሄደ፤ የአጥሩን እንጨት ሰበረ። ሁለተኛ አስገባ። አሁንም ወደ ኋላ። ወርዶ ከሥር ገባ፤ ለረጅም ጊዜ ከእግሩ በስተቀር አልታየንም። ሲወጣ ፊቱ ላይ ጭቃና ዘይት ነበር።

«ገልብጬዋለሁ» አለ። «ወገቡ ሲገለበጥ ጎማው የሚዞረው በተቃራኒው ነው። በጥድፊያ አላሰብኩትም።»

የኋላ ማርሽ ቢኖረው ኖሮ በእርሱ ወደ ፊት መሄድ ይቻል ነበር። እንዳልኳችሁ፣ አልነበረውም። መኪናው ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ ሆነ።

አጎቴ ሳቀ። «ወደ ኋላ አያውቅም ያለው ፈረስ!» አለና ጮክ ብሎ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። ከዚያ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። በቀብሩ ቀን አላለቀሰም ነበር።

እናቴ መካኒኩን ጠየቀችው። «ይሄዳል?»

«ወደ ኋላ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄዳል ወይ ነው የምልህ።»

«ይሄዳል።»

«እንግዲያስ ይሂድ።»

ማክሰኞ ፀሐይ ስትወጣ ተነሣን። ሳጥኑ ላይ የአባቴ ካፖርት፣ ጠመንጃውና እሱ የጫናቸው የመጨረሻዎቹ የድንች ጆንያዎች ነበሩ። መካኒኩ ወደ ኋላ በቅጡ ስለማይታየው ከፊቱ ሆኖ የሚመራው ሰው አስፈለገ። አጎቴ ከግድግዳው ላይ ልጓሙን አውርዶ ከሳጥኑ የኋላ ሳንቃ ጋር አሠረውና ጫፉን ለእኔ ሰጠኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሴት ልጅ ናት የሟች ፈረስ የምትስበው?» አለ።

«ወንድ አልወለደም» አለ አጎቴ። «ማን ይሳብለት ታዲያ፣ መካኒኩ?»

ልጓሙን ይዤ ሄድኩ። መካኒኩ በጎን መስታወቱ እያየኝ ነው የሚነዳው፤ ጉድጓድ ሲኖር ነፃ እጄን አነሣለሁ፣ ይቆማል። የገብሱ አዝመራ ደርሶ ስለነበር መንገዱ ዳርና ዳር ቢጫ ነበር። አጫጆች ማጭዳቸውን ይዘው ቀና ይላሉ። ማርሹ ያፏጫል፤ ከኋላችን የሚመጡት ፈረሶች በድምፁ ይደነብራሉ። ዘይቱ እየሞቀ ሲሄድ ያ ሽታ መጣ። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ። የመኪናው መብራቶች የሚያዩት የመጣንበትን መንገድ ነው። ፊቱ ወደ ቤታችን ነበር።

ሜዳው ሞልቶ ነበር። ፈረሰኞቹ ዙሪያውን ቆመዋል። ፒካፑ ኋላውን ሰጥቶ ሲገባ ለቅሶው ቀጥ አለ። የአባቴን ፉከራ የማያውቅ አንድ ሰው እዚያ አልነበረም። ከጎረምሶቹ መሀል የታፈነ ሳቅ ሰማሁ። እናቴ ከሴቶቹ ፊት ቆማ እኔን ብቻ ታያለች። ያኔ የአባቴ ስም ለዘላለም መሳቂያ የሚሆንበት ወይም የማይሆንበት ቅጽበት እንደነበር ገብቶኛል፤ ልጅ ብሆንም ገብቶኛል።

አጎቴ ከፈረሱ ወረደ። ከሳጥኑ ላይ የአባቴን ጠመንጃ አነሣ፣ አፈ ሙዙን ወደ መሬት ዘቀዘቀው፣ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጎ ያዘው። በአገውኛ ነው የተናገረው።

«የሞተ ሰው ጠመንጃ እንዴት ነው የሚያዘው?»

«ተዘቅዝቆ!» አሉት።

«እንግዲህ ፈረሱም እንዲሁ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አልቃሿ ወደ መሀል ወጣች። ለብዙ ዘመን በፈረሱ ስም ትጠራው የነበረች ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን አባ ናፍታ ብላ ጀመረች። እሷም በአገውኛ ነው ያለችው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይመስላል፦

«አባ ናፍታ፣ ወደ ኋላ የማታውቀው፣
ዛሬ ማንን ብለህ ነው ፊትህን የመለስከው?»

ሜዳው ተነሣ። በእኛ መኪና ዳንግላ የደረሱ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ነበር፤ ሳጥኑን በእጃቸው እየነኩ አብረውን ዞሩ። መካኒኩ መሪውን ይዞ ያለቅስ ነበር። አንድ ዙር ዞርን፣ ደገምን። ሦስተኛውን ልንጀምር ስንል አጎቴ እጁን አንሥቶ አስቆመን። የራሱን ፈረስ ልጓም ለሌላ ሰው ሰጠ። ጎማው ላይ እግሩን አስቀምጦ፣ በሽማግሌ አቅሙ እየተንጠለጠለ፣ ሳጥኑ ላይ ወጣ። ድንቹ ላይ ከካፖርቱ አጠገብ ተቀመጠ። ከሱ ጋር ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የተናገረውን ሰምቻለሁ።

«ይኸው ወጣሁ» አለ።

ሦስተኛውን ዙር እንደዚያው ዞርን።

ፒካፑ ወደ ኮሶበር አልተመለሰም። አጎቴ ግቢ ውስጥ ቆመ። መካኒኩ መበየጃ አግኝቼ አስተካክለዋለሁ ብሎ ነበር፤ በበጋው ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ አገር ሄደ። ሞተሩ አዘና ውስጥ ላለ ወፍጮ ቤት ተሸጠ። ሳጥኑ ለብዙ ጊዜ የአጎቴ በጎች ማደሪያ ሆኖ አገለገለ። የኋላው አክስል የት እንደደረሰ ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም። ልጓሙ እናቴ ስትሞት ወደ እኔ መጥቷል።

የፊተኛውን አክስል አይቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለሥራ በገበያ ቀን ግምጃ ቤት ከተማ ተገኝቼ ነበር። ድንች የጫነ የፈረስ ጋሪ መንገድ ዳር ቆሟል። የመኪና አክስል ስለነበረው ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ፤ ጭቃውን በጣቴ ጠረግሁት። ክቡ አለ፣ መስቀሉም አለ። ባለ ጋሪው አክስሉን ከሰው እንደገዛው፣ ያ ሰው ደግሞ ከዘንገና እንዳመጣው ነገረኝ። ከዚያ በላይ አያውቅም።

ጋሪውን የሚስበው ፈረስ ዳማ ነበር። ታፋው ላይ ምልክት አልነበረውም።